ያልተሸነፈው ጄኔራል፣ 37 መልሶችና አንድ የጠፋ ቁጥር

ስለ አንድ የጀርመን ጄኔራል በኢንተርኔት የውይይት መድረክ ላይ ጥያቄውን የጻፍኩት እኔው ነኝ። ስለዚህ ክሩ፣ ማለትም ከሥሩ የተከታተለው የመልስ ሰንሰለት፣ ወዴት ወዴት እንደሄደ የመተረኩ ዕዳም የኔው ነው።

ነገሩ የጀመረው ዳሬሰላም ነው። ለሥራ ሄጄ አምስት ቀን ያደርኩት ካሪያኮ በሚባል ሰፈር ነበር። የዳሬሰላም መርካቶ በሉት። ጫማ በጆንያ፣ የስልክ ሽፋን በካርቶን፣ ጨርቅ በጥቅል። ወገባቸው እስኪጎብጥ የተሸከሙ ልጆች በጠባቡ መንገድ እየጮኹ ያልፋሉ። ገለል ካላልክ ገጭተውህ ነው የሚሄዱት። የታክሲው ሹፌር የሰፈሩን ስም ምንጭ ሲነግረኝ የቀለደ መስሎኝ ነበር። ስሙ ከስዋሂሊ የመጣ አይደለም። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ እንግሊዞች ካሪየር ኮር ያሉት የተሸካሚዎች ክፍል የሰፈረበት ቦታ ነው። ቃሉ በሰው አፍ ሲዞር ሲዞር ካሪያኮ ሆኖ ቀረ።

ማታ ሆቴሌ ገብቼ ማንበብ ያዝኩ። እውነቱን ለመናገር ያን ምሽት ልቤን የወሰደው ተሸካሚው አልነበረም። ጄኔራሉ ነው። እንቅልፍ ሳይወስደኝ ተነስቼ ፖስቱን ጻፍኩ።

እንዲህ ነበር ሐሳቡ። ከ1914 እስከ 1918 ጀርመንና እንግሊዝ በምሥራቅ አፍሪካ ቅኝ ግዛቶቻቸው ላይ ተዋጉ። ቤልጂግ ከምዕራብ ገባች፣ ፖርቱጋልም ኋላ ላይ ከደቡብ ተደባለቀች። የጀርመኑ አዛዥ ፓውል ፎን ሌቶ-ፎርቤክ ጦሩ በጣም በበዛበት ሰዓት እንኳ 14 ሺህ ገደማ ሰው ነበር የነበረው። አብዛኞቹ አስካሪ የሚባሉት አፍሪካውያን ወታደሮች ናቸው። ከአገሩ ስንቅም ጥይትም እንደልብ አይመጣለትም። እንዲያም ሆኖ አራት ዓመት ቆየ። እጁን የሰጠው የአውሮፓው ጦርነት ካለቀ ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ ህዳር 25 ቀን 1918፣ በዛሬዋ ዛምቢያ ውስጥ አበርኮርን በተባለች ከተማ ነው። ዛሬ ምባላ ትባላለች። ያን ቀን አብረውት የነበሩት 155 አውሮፓውያንና 1,168 አስካሪዎች ናቸው፣ ተሸካሚዎቹን ሳይጨምር። ጥያቄዬ ይህን ሰው በደፈጣ ውጊያ የሚወዳደረው አለ ወይ፣ ተጋጣሚው ጄኔራል ያን ስማትስስ ምን ጎደለው የሚል ነበር። ርዕሱንም ያልተሸነፈው ጄኔራል አልኩት።

1ኛው መልስ የሚያኮራ ነበር። ጸሐፊው አመሰገነኝ፣ እንዲህ ያለ ጉዳይ በአማርኛ ብዙ እንደማይጻፍ ተናገረ፣ ወንበር ስቦ እንደሚከታተል ቃል ገባ። ከዚያ ወዲህ አላየሁትም።

2ኛው አራሚ ነው። በየክሩ አንድ አይጠፋም። ሌቶ-ፎርቤክ በጥር 1914 ዳሬሰላም ሲደርስ ሌተና ኮሎኔል እንጂ ጄኔራል እንዳልነበረ፣ ማዕረጉ የተጨመረለት ጫካ ለጫካ ሲዞር እንደሆነ በትሕትና አስታወሰኝ። ልክ ነው።

3ኛው ትሕትናውን አልደገመውም። ህዳር 25 ቀን 1918 የሚባል ቀን በእኛ አቆጣጠር ጦርነቱ ካለቀ ከሰባት ዓመት በኋላ የሚመጣ መሆኑን ጠቅሶ በማን አቆጣጠር ነው የምትጽፈው ብሎ ተቆጣኝ። 4ኛው ደግሞ እኔን ሳይጠብቅ አስልቶ አመጣው፤ ህዳር 16 ቀን 1911። ይህ ቀን ወደ ታች ስንወርድ ተመልሶ ይመጣል፤ ያኔ ማናችንም ልብ አላልነውም።

5ኛው ረጅም ነው፣ በዛሬዋ ታንዛኒያ ስለምትገኘው ስለ ታንጋ ውጊያ። እንደዚህ ዓይነት መልስ ሲመጣ ሻይ አፍልቼ ነው የማነበው። በህዳር 1914 መጀመሪያ እንግሊዞች 8 ሺህ ያህል ወታደር ከሕንድ በመርከብ አምጥተው ታንጋ ወደብ ላይ አራገፉ። አዛዡ ጄኔራል አይትከን ነው። ከተማዋን የጠበቃት አንድ ሺህ ገደማ ሰው ብቻ ነበር። ጸሐፊው ግን ቁጥሩ አያታልላችሁ ይላል። ሕንዳውያኑ በመርከብ ሆድ ለሳምንታት ተጨናንቀው የመጡ፣ ብዙዎቹ ጥሩ ሥልጠና ያላገኙ ነበሩ። ወደብ ላይ ከመውረዳቸው በፊት ደግሞ የእንግሊዝ መርከብ መኮንን ጀርመኖቹ ዘንድ ሄዶ የነበረው የገለልተኝነት ስምምነት ማብቃቱን ነግሯቸዋል። ወደቡ ፈንጂ ተጠምዶበት እንደሆነም ጠይቋቸዋል። ሌባ በር አንኳክቶ ውሻ አላችሁ ወይ እንደማለት። ሌቶ-ፎርቤክ በተሰጠው ጊዜ ወታደሮቹን ከሰሜን በባቡር አመጣ። እንግሊዞች ከ800 በላይ ሰው ሞቶባቸውና ቆስሎባቸው፣ መትረየስና 600 ሺህ ያህል ጥይት ባሕሩ ዳር ጥለው ወደ መርከባቸው ተመለሱ።

ጸሐፊው ንቦቹንም አልረሳም። በውጊያው መሀል የተቆጡ ንቦች ወጥተው እንግሊዞቹን አሯሩጠዋል። ኋላ ላይ ጀርመኖች ቀፎውን በገመድ አጥምደውት ነበር የሚል ወሬ እንግሊዝ አገር ድረስ ደርሷል።

6ኛው ጎጃም የሚኖሩ ንብ አናቢ አባት ናቸው፤ ራሳቸው እንደጻፉት። ገመድ የሚባለውን ነገር ሰምተው ሳቁ። ንብ ወገን አይለይም አሉ። እዚያ አገር ቀፎ የሚሰቀለው እንደኛው ዛፍ ላይ ነው፤ ጥይት ቀፎውን ከመታው በቃ፣ የሚሮጥና የሚያልበው ሁሉ ጠላቱ ነው። እሳቸው አንድ ጊዜ በልጅነታቸው ቀፎ ሲወድቅ ጀርባቸውን ተነድፈው ሦስት ቀን ፊታቸው አብጦ እንደተኙ አጫወቱን። 2ኛው አራሚ ተመልሶ መጥቶ ንቦቹ ጀርመኖቹንም እንደነደፉ አረጋገጠላቸው። መልስ 7 ይኸው ነው። ክሩ እስካሁን ደስ ይላል።

8ኛው ወደ ስማትስ ወሰደን። ስማትስና ሌቶ-ፎርቤክ እኩያ ናቸው፤ ሁለቱም የተወለዱት በ1870 ነው። ስማትስ ራሱ ከ1899 እስከ 1902 ደቡብ አፍሪካ ውስጥ በነበረው የቦር ጦርነት እንግሊዝን በፈረስ እያሯሯጠ የደፈጣ ውጊያ የተዋጋ ሰው ነው። በ1916 መጀመሪያ ግን የእንግሊዝን ጦር ይዞ ሌላ ደፈጣ ተዋጊ ሊያሳድድ መጣ። በመጋቢት ሞሺን ያዘ። በመስከረም ዳሬሰላም ገባ። ካርታ ላይ ሲታይ ድል በድል ነው። ያልያዘው ጠላቱን ብቻ ነው። ሊከብበው በዞረ ቁጥር ሌቶ-ፎርቤክ በመጨረሻዋ ክፍተት ይሾልካል። ጸሐፊው እንደሚለው ስማትስ ደም መፋሰስን ፈርቶ ፊት ለፊት ከመግጠም ይልቅ ሰውን በመንገድ ፈጀ። ይህን አባባል ወድጄዋለሁ።

9ኛው ከአርባ ምንጭ አካባቢ የጻፈ የእንስሳት ሐኪም ነው። ስማትስን ያሸነፈው ገንዲ ነው፣ ጸጸ ዝንብ የሚያስተላልፈው የከብት በሽታ፣ ብሎ ገባ። ጸጸ ዝንብ ያለበት ቆላ ውስጥ ፈረስ ይዞ መግባት ፈረሱን ለመቅበር መሄድ ነው። በመጀመሪያ ከብቱ ይከሳል፣ ጸጉሩ ይቆማል፣ ዓይኑ ያነባል፤ መብላቱን ሳያቆም እየመነመነ ይሄዳል። የጠመዳቸው በሬዎች ሥጋቸው አልቆ ሲወድቁ ያየ ገበሬ ያውቀዋል። የስማትስ ፈረሶችና በቅሎዎች በብዙ ሺህ አለቁ። ሰዉም በወባና በተቅማጥ ወደቀ። 9ኛው የደቡብ አፍሪካ እግረኛ ሻለቃ በየካቲት 1916 ሲጀምር 1,135 ሰው ነበረው። በጥቅምት መቆም የሚችለው 116 ብቻ ነበር። ሐኪሙ አንድ ነገር ጨመረ፣ ያኔ እንደ ዋዛ አልፈነው፤ እንስሳው ሲያልቅ ሸክሙ ወዴት የሄደ ይመስላችኋል?

መልሱን 10ኛዋ አመጣችው። ናይሮቢ፣ ኢስሊ ነው የምትኖረው። እዚያም ካሪዮኮር የሚባል ገበያ ከቤቷ ብዙ ሳይርቅ አለ፤ ቅርጫትና የቆዳ ነጠላ ጫማ ትገዛበታለች። ስሙ ከዚያው ከተሸካሚዎቹ ክፍል የመጣ ነው። ሁለት ከተማ፣ ሁለት ገበያ፣ አንድ ስም። ከዚያ ቁጥሩን አስቀመጠችው። እንግሊዞች በዚያ ዘመቻ አንድ ሚሊዮን ያህል ተሸካሚ መልምለዋል። የሞተው በተመዘገበው ብቻ ከ95 ሺህ ይበልጣል። በእንግሊዝ በኩል የሞተው ወታደር ከ10 ሺህ ትንሽ በለጥ ቢል ነው። ከኬንያ ብቻ የሞተው ተሸካሚ 45 ሺህ ያህል ይገመታል፤ ከአገሬው ጎልማሳ ወንድ ከስምንት አንዱ ማለት ነው። ጄኔራሎቻችሁን ቀጥሉ ብላ ዘጋች።

11ኛውም ቀጠለ! ምንም እንዳልተባለ ስለ ኮኒግስበርግ ጻፈ። ኮኒግስበርግ የጀርመን የጦር መርከብ ናት። በመስከረም 1914 ዛንዚባር ላይ የእንግሊዝን መርከብ አስጥማ ሩፊጂ ወንዝ አፍ ውስጥ ተደበቀች። ሐምሌ 11 ቀን 1915 እንግሊዞች ጥልቅ ውኃ የማይፈልጉ ሁለት መርከቦች አምጥተው ደበደቧት። ጀርመኖች ግን አሥሩን መድፎቿን ከውኃ አውጥተው መንኮራኩር ሠሩላቸው፤ በየጫካው ጎተቷቸው። ጸሐፊው የጀርመንን ብልሃት አደነቀ።

12ኛው መልስ አንድ መስመር ነው። ማን ጎተታቸው?

ከዚህ ላይ ነው ክሩ የዞረው። እኔም እንደዚያው።

13ኛው የመጋዘንና የጭነት ሥራ የሚሠራ ሰው ነው። ስሜት የሌለበት ሒሳብ ሠራ፤ ለዚህ ነው ከሁሉም በላይ የሰቀጠጠኝ። አንድ ተሸካሚ 25 ኪሎ ዱቄት ያዘ እንበል። በቀን አንድ ኪሎ ይበላል። ጦሩ የአሥር ቀን መንገድ ርቆ ከሆነ ሲሄድ አሥር ኪሎ በላ፣ ሲመለስ አሥር ኪሎ ያስፈልገዋል። ያደረሰው አምስት ኪሎ ነው። መንገዱ 12 ቀን ከሆነ አንድ ኪሎ አደረሰ። 13 ቀን ከሆነ ራሱም አይመለስም። ስለዚህ ጦሩ በራቀ ቁጥር አንድ ወታደር ለማብላት ብዙ ተሸካሚ ይጨመራል፣ ለተሸካሚው ደግሞ ሌላ ተሸካሚ። ሒሳቡ እንዲዘጋ የተሸካሚው ራሽን ይቀነሳል። በተግባርም የሆነው ይኸው ነው። ማሽላና ሙዝ ለለመደ ሆድ በደንብ ያልበሰለ የበቆሎ ዱቄት ሰጡት። ማብሰያ ጊዜም፣ ድስትም፣ እንጨትም ሲያጣ በጥሬው ዋጠው። አብዛኛው የሞተው በጥይት አይደለም፤ በተቅማጥ፣ በወባና በሳንባ ምች ነው።

14ኛው ይህን ሁሉ አንብቦ የጦርነት ታሪክ ስለ ስልት እንጂ ስለ ዱቄት አይደለም አለ። 15ኛው አንተ ቁርስ ሳትበላ ስልት ይታይሃል ወይ ብሎ መለሰለት። 14ኛው ተናደደ። ተሳዳቢ ብሎ ጠራው። አንተ መባሉም አላስደሰተውም።

በመሀላቸው 16ኛዋ ገባች። ቁጣውን ለትንሽ ጊዜ አበረደችው። አያቷ የጣሊያን አስካሪ ሆነው ከኤርትራ ትሪፖሊ ድረስ የዘመቱ ሰው ነበሩ። ልጅ ሆና ስለ ጦርነቱ ስትጠይቃቸው የአንድም ጄኔራል ስም ጠርተው አያውቁም። የሚያወሩት ስለ ውኃና ስለ ጫማ ነው። ጫማው ሰፊ ሲሆን ጨርቅ ይጠቀጥቁበታል፤ ጠባብ ሲሆን ተረከዙን በቢላ ይቀዱታል። እስኪሞቱ ድረስ ማታ ጫማቸውን ሲያወልቁ አራግፈው፣ አገላብጠው ነበር የሚያስቀምጡት፣ ጊንጥ እንዳይገባበት። አዲስ አበባ ውስጥ፣ ሳሎን ውስጥ!

17ኛው ከአስካሪ ተነስቶ አሽከር የሚለው ቃል ከዚያው ከዐረብኛው መምጣት አለመምጣቱን አነሳ። 18ኛው የለም ብሎ ተከራከረ። ማስረጃ ያመጣ የለም። 19ኛው መልስ የለም። ቁጥሩ ከ18 ወደ 20 ይዘላል። እኔ ከመሰረዙ በፊት አይቼዋለሁ፤ በአያቷ ላይ የተጻፈ ስለነበር እዚህ አልደግመውም። 20ኛው የአወያዩ ማስጠንቀቂያ ነው።

21ኛው ጠበቅ ያለ ግን የተጠና ነው። ስለ ሌቶ-ፎርቤክ ጨዋነት ለምናወራ ሰዎች አንድ ነገር አስታወሰን። ሰውየው አፍሪካን መጀመሪያ ያየው በ1914 አይደለም። በ1904 በዛሬዋ ናሚቢያ የጄኔራል ፎን ትሮታ ረዳት መኮንን ነበር። ፎን ትሮታ ሄሬሮ የሚባሉት የአገሩ ተወላጆች በግዛቱ ውስጥ ከተገኙ እንዲገደሉ በጥቅምት 1904 ትእዛዝ ያወጣ ሰው ነው፤ ጀርመን ራሷ በ2021 የዘር ማጥፋት መሆኑን አምናለች። ከጦርነቱ በኋላም፣ በ1920፣ መንግሥት ለመገልበጥ በተሞከረው የካፕ አድማ ውስጥ ገብቶ ከሠራዊቱ ወጥቷል። በሌላ በኩል በሂትለር ዘመን ለናዚዎች አለመመቸቱም ይነገርለታል። 21ኛው ጀግና ወይም ሰይጣን እንድንለው አልጠየቀም። ሙሉውን አንብቡ ነው ያለው።

22ኛውን መልስ ከሁሉ በላይ ነው የምወደው፤ ከዚያ በፊት ስሙን ሰምቼው አላውቅም ነበርና። ጆን ቺሌምብዌ በዛሬዋ ማላዊ የባፕቲስት ቄስ ነበር። አሜሪካ የተማረ ነው። በመስከረም 1914 ካሮንጋ ላይ ጀርመንና እንግሊዝ ተዋጉና ብዙ የአገሩ ልጆች ሞቱ። በህዳር ቺሌምብዌ ለጋዜጣ ደብዳቤ ጻፈ። ሐብታሞቹ፣ ባንከሮቹና ባለማዕረጎቹ ይዝመቱና ይሞቱ፤ በሰላም ጊዜ ሁሉ ነገር ለአውሮፓውያን ነው፣ ጦርነት ሲመጣ ግን ደማችንን እኩል እንድናፈስ እንጠየቃለን የሚል ነው ይዘቱ። ደብዳቤውን አንባቢ እንዳያየው አፈኑት። በጥር 1915 አመፀ፤ የካቲት 3 ቀን ተገደለ። ጸሐፊው የጨመረው ነገር የለም። 14ኛው እንኳ መልስ አልሰጠበትም።

ከዚያ እንደ ልማዳችን ወደ ራሳችን ጓዳ ገባን። 23ኛው ስማትስ ዳሬሰላም በገባበት በዚያው ወር፣ በእኛ አቆጣጠር መስከረም 17 ቀን 1909፣ ልጅ ኢያሱ ከሥልጣን መውረዳቸውን አስታወሰ። ግንኙነቱ ከአየር የመጣ አይደለም። ጀርመንና ቱርክ ኢትዮጵያን ወደ ጎናቸው ለመሳብ ሞክረዋል፤ በ1915 ፍሮቤኒየስ የተባለው ጀርመናዊ በቀይ ባሕር መጥቶ ምጽዋ ላይ ጣሊያኖች መለሱት። የእንግሊዝ፣ የፈረንሳይና የጣሊያን ቆንሲሎች አዲስ አበባ ላይ እንቅልፍ አልነበራቸውም። እስከዚህ ጥሩ ነው። 24፣ 25 እና 26 ግን ኢያሱ ሰልመዋል አልሰለሙም ወደሚለው ገቡ። አወያዩ ለዚያ ሌላ ክር እንዳለ ነገራቸው። ባይነግራቸው እስካሁን እዚያው በሆንን።

27ኛው አየር መርከቧን አመጣ። በህዳር 1917 ከቡልጋሪያ አንዲት ዜፕሊን ለሌቶ-ፎርቤክ መድኃኒትና ጥይት ጭና ተነሳች። ካርቱም አካባቢ ስትደርስ ተመለሽ የሚል የሬዲዮ መልእክት ደረሳትና 95 ሰዓት በረራ አድርጋ ወደተነሳችበት ገባች። በነዚያው ቀናት ሰውየው ምን ላይ እንደነበረ ያስረዳው 28ኛው ነው። በጥቅምት ማሂዋ ላይ ከሦስት እጥፍ የሚበልጥ ጦር ገጥሞ አሸንፏል። እንግሊዞች ከ4,900 ሰው 2,700 ያህል ሞቶባቸውና ቆስሎባቸዋል። እሱ ግን ያጣቸውን 500 ሰዎች የሚተካበት የለውም። በሽተኞቹንና ቁስለኞቹን ለጠላት ጥሎ፣ ህዳር 25 ቀን የሩቩማን ወንዝ ተሻግሮ ሞዛምቢክ ገባ። አሸንፎ አገሩን ለቀቀ። ከዚያ በኋላ ያለው አንድ ዓመት በአብዛኛው የፖርቱጋሎችን መጋዘን እየዘረፉ መራመድ ነው። አለመሸነፍ ስል ምን ማለቴ እንደሆነ ራሴን የጠየቅሁት እዚህ ላይ ነው።

29ኛው የመጥረጊያውን ታሪክ አወጋን። በ1964 የጀርመን ፓርላማ ያልተከፈለ ደመወዝ ለአስካሪዎቹ እንዲሰጥ ወሰነ፤ ሌቶ-ፎርቤክም የሞተው በዚያው ዓመት ነው። በታንዛኒያዋ ሙዋንዛ ከተማ 350 ያህል ሽማግሌዎች መጡ ይባላል። ወረቀት ያላቸው ጥቂት ናቸው። ገንዘብ ከፋዩ ለእያንዳንዱ መጥረጊያ እየሰጠ በጀርመንኛ ትእዛዝ ሰጣቸው፤ አንድም አልተሳሳተም ይላል ወጉ። ጸሐፊው እንባው እንደመጣ ጻፈ። ብዙ ልብ የተለገሰበት መልስ ነው።

30ኛዋ የናይሮቢዋ ሴት ናት፣ ተመልሳ መጣች። ለመጥረጊያው ልብ አልሰጠችም። ተሸካሚው ቢመጣ ኖሮ በምን ይፈተን ነበር አለች። ጆንያ አሸክመው ሊያዩት ነው? 29ኛው ቅር አለው፤ ወጉን ያወራው በክፋት እንዳልሆነ 31ኛው ላይ ጻፈ። እሷም እሱን ሳይሆን ወጉን እንደተናገረች ነገረችው። ታረቁ ለማለት ይከብደኛል።

32ኛው የጀርመን ተሸካሚዎችስ ብሎ ጠየቀና ራሱ መለሰ። ሌቶ-ፎርቤክ ከመንደር ሰው እየያዘ ያሸክም ነበር፤ የሚበላውንም ከዚያው ከመንደሩ ይወስዳል። ከራሱ ጦር ጋር የነበረ አንድ ጀርመናዊ ሐኪም ከኋላችን የምንተወው የጠፋ እርሻ፣ የተራቆተ ጎተራና ረሃብ ነው ብሎ የጻፈ መሆኑን ጠቀሰ። በዛሬዋ ዶዶማ አካባቢ ያሉ ጎጎዎች ሁለቱም ጦር እህልና ከብታቸውን ወስዶባቸው፣ ዝናቡም ቀርቶ፣ ከ1917 እስከ 1920 ብዙ ሺህ ሰው አለቀባቸው። ለረሃቡ ምቱንያ የሚል ስም አላቸው። እኛም ክፉ ቀን ብለን የምንጠራው አለን አለ። ማብራራት አላስፈለገውም።

ከዚህ በኋላ የመጡት 33ኛዋ እናት ናቸው። ቨርጂኒያ የሚኖሩ፣ ጽሑፋቸውን ልጃቸው የጻፈችላቸው። ያችን ከላይ በ4ኛው መልስ የተቀመጠችውን ህዳር 16 ቀን 1911 ይዘው ነው የመጡት። ልጆቼ፣ ይህ እኮ የህዳር በሽታ ነው አሉ። እናታቸው ነግረዋቸዋል፤ በዚያ ህዳር አዲስ አበባ ውስጥ ቀባሪ ጠፍቶ ነበር። እሳቸው አሁንም ህዳር 12 ሲደርስ ጓሮ ቅጠል ሰብስበው ያጨሳሉ። አንድ ዓመት ጎረቤት እሳት አደጋ ጠርቶባቸዋል። 2ኛው አራሚ፣ በዚህ ጊዜ በጣም ተለሳልሶ፣ ያው የስፓኒሽ ኢንፍሉዌንዛ አበርኮርን አካባቢ እጃቸውን የሰጡትን አስካሪዎችና ተሸካሚዎች መፍጀቱን ጨመረ። አራት ዓመት ተርፈው፣ ጦርነቱ አልቋል ከተባሉ በኋላ፣ ወደ ቤት መሄጃ ሲጠብቁ።

34ኛው እሳቸውን አመሰገነ። እሳት አደጋ ሲመጣ ምን እንዳሉም ጠየቀ። መልስ አልመጣም።

35ኛው በ2021 የወጣውን የኮመንዌልዝ ጦር መካነ መቃብር ኮሚሽን ሪፖርት አነሳ። ኮሚሽኑ የተቋቋመው ማዕረግና ዘር ሳይለይ እያንዳንዱን ሟች በስሙ ለማስታወስ ነበር። ሪፖርቱ ያመነው ግን ቢያንስ 116 ሺህ፣ ምናልባትም እስከ 350 ሺህ የሚደርሱ ሟቾች በስማቸው ሳይታወሱ መቅረታቸውን ነው፤ አብዛኞቹ ከምሥራቅ አፍሪካና ከግብፅ ናቸው። ይቅርታ ጠይቀዋል። 14ኛው እዚህ ላይ ከረጅም ዝምታ በኋላ ብቅ ብሎ ይህን አላውቅም ነበር አለ። ከዚያ ሰው የመጣ በመሆኑ ትልቅ ነገር ነው።

36ኛው ዳሬሰላም የሚኖር አበሻ ነው። በምሳ ሰዓት በእግሩ ሄዶ የአስካሪውን ሐውልት አይቶ መጣ። በ1927 የተተከለ ነው፤ አንድ አስካሪ ሳንጃ የሰካ ጠመንጃ ይዞ ወደ ወደቡ አቅጣጫ ያነጣጥራል። ከሥሩ ያለውን ጽሑፍ ከስዋሂሊው እያነበበ ተረጎመልን። ተሸካሚዎቹን የጦሩ እግርና እጅ ይላቸዋል። ለአገራችሁ ተዋግታችሁ ብትሞቱ እንኳ ልጆቻችሁ ስማችሁን ያስታውሳሉ ይላል። ሰውየው ሐውልቱን ዞረው። በአራቱም ጎን ስም ፈለገ። አንድም የለም። ባጃጁ ጡሩንባ ሲነፋበት ወደ ሥራው ተመለሰ።

ይህን ካነበብኩ በኋላ የፖስቱን ርዕስ ልቀይር ሞከርኩ። መድረኩ የማስተካከያ ጊዜ አልፏል ይላል። ስለዚህ አሁንም ብትገቡ ያልተሸነፈው ጄኔራል እንደሚል ነው።

37ኛው መልስ ካሪያኮ ላይ ጫማ በጅምላ ይገኛል ወይ፣ ሆቴሉስ አዳር ስንት ነው የሚል ነበር። ይገኛል አልኩት። ሆቴሉ ግን አሳንሰር የለውም፤ ሻንጣህን አራት ፎቅ የሚያወጣልህ ልጅ በሩ ላይ አለ፣ ዋጋውን አስቀድመህ ተነጋገር።